የጋሼ መሪ ገመድ

ሐኪሜ «ወይ ተራመድ፣ ወይ በየዓመቱ ሱሪህን እያሰፋህ ኑር» ብሎ ፈርዶብኝ ነበር። እኔም እንደ ብዙ ሰው ቀላሉን መረጥኩና ሱሪዬን በክንዴ ይዤ ከመሥሪያ ቤቴ ጀርባ ወዳለው ልብስ ሰፊ ሄድኩ። ሥራዬ የጋዜጣ ጽሑፍ ማረም ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰው ስህተት ሲለቅም የሚውል ሰው ወገቡ ቢሰፋ የሚደንቅ አይደለም።

የልብስ ሰፊው ቤት አንድ ክፍል ናት። በመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው፣ ከጎኑ ካውያው፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ኮቶች ተደርድረዋል። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ አቀርቅሮ ይሠራል። በግራ እጁ ሁለት ጣት የለውም። ጨርቁን በቀሩት ሦስት ጣቶች ሲገፋው ላየ ግን፣ ካልነገሩት በቀር ጉድለቱን ልብ አይልም።

እኔ ስገባ ክርክሩ ጦፏል። አንድ ሸምገል ያሉ ቀጭን ሰው የቆርቆሮ ሣጥን ጭናቸው ላይ ከፍተው በደንበኛ ወንበር ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ነጭ ጋዋኗን በክንዷ የያዘች ወጣት ነርስ ቆማለች። ሽማግሌው በየቅዳሜው ሰው ሰብስበው ወደ ተራራው በእግር የሚወስዱ ናቸው፤ ስለዚህም ሰው ሁሉ «ጋሼ መሪ» ይላቸዋል። ነርሷ የእህታቸው ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ሲሆኑ፣ አሁን በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ትሠራለች። ልብስ ሰፊውም ከተጓዦቹ አንዱ ስለሆነ የጉዞው ወሬ ሁሉ የሚያልቀው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው።

«እንኳን መጡ» አሉኝ ጋሼ መሪ፣ ፈጽሞ የማንተዋወቅ መሆናችን ሳያግዳቸው። «የተማሩ ሰው ይመስላሉ። እስቲ በእኔና በዚች ልጅ መካከል ይፍረዱ።»

ሣጥኑን አሳዩኝ። ውስጡ ምላጭ፣ ቀጭን ጠንካራ ገመድና አንድ ጥቁር ለስላሳ ድንጋይ ነበር። ሰው በእባብ ሲነደፍ ከቁስሉ ከፍ ብሎ በገመዱ ጥፍር አድርጎ ማሰር፣ ቁስሉን መብጣት፣ ደሙን መጥጦ መትፋት፣ ከዚያ ድንጋዩን መለጠፍ ነው አሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን የቀሩት ተጓዦች እጃቸውን አጣምረው አይቆሙም፤ እባቡን አሳደው ይገድላሉ። እባቡ ሳይገደል የተነደፈው ሰው ከቦታው አይነሳም። የጉዞው ሕግ ይህ ነው። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ ሐኪሙ እባቡን ካላየ መድኃኒቱን በምን ያውቃል ብለው መልሰው እኔኑ ጠየቁኝ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ አሳማኝ መስሎኝ ነበር።

ነርሷ ግን ጋዋኗን ወንበር ላይ አኖረችና ጎንበስ ብላ በትሕትና ጀመረች።

«ጋሼ፣ የሚያውቁትን ላሳንስብዎ አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅ። ገመዱ ደም ያስቆማል?»

«ያስቆማል እንጂ። ለዚያ አይደል የሚታሰረው።»

«እንግዲያው ከገመዱ በታች ያለው ሥጋ ደም ሳያገኝ እስከ መቼ ይቆያል? ሥጋ ደም ካላገኘ ይሞታል። መርዙ ደግሞ አንድ ቦታ ታጉሮ የተኛበትን ሥጋ ይበላል። ምላጩ የሚጨምረው ሌላ ቁስል ነው፤ የእባቡ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ የበጡት ቦታ እየፈሰሰ ይቀጥላል። በአፍም ቢመጥጡት መርዙ ተመልሶ አይወጣም።»

«ድንጋዩስ? ይህ ድንጋይ ስንቱን እንዳዳነ ታውቂያለሽ?»

«እባብ ሁልጊዜ መርዝ አይለቅም፣ ጋሼ። አንዳንዴ ነድፎ ብቻ ይሄዳል። ያንን ሰው ድንጋይ ቢለጥፉበትም ይድናል፣ የበር ቁልፍ ቢለጥፉበትም ይድናል። እኛ ዘንድ የሚመጡት ግን መርዝ የገባባቸው ናቸው። እነሱን አንዱንም ድንጋይ ሲያድን አላየሁም። እባቡንም ይዞልን የመጣ ሰው ስንት ጊዜ ራሱ ተነድፎ መጥቷል። ሐኪሙ በእብጠቱና በደም ምርመራው ነው የሚያውቀው።»

ጋሼ መሪ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ከዚያ በልብ ሙሉነት እጃቸውን ወደ ስፌት መኪናው ዘረጉ።

«ወሬ ምን ያደርጋል። ማስረጃዬ ይኸው ተቀምጧል። እዚያ ተራራ ላይ እጁን ተነድፎ ያን ጊዜ ባላስረው ኖሮ ዛሬ ሱሪ የሚሰፋላችሁ አልነበረም። ሁለት ጣት ሄደ፣ ነፍስ ተረፈች። ሐሰት ነው በል እስቲ።»

ልብስ ሰፊው ከጨርቁ ቀና አላለም። «ይመስገነው፣ በሕይወት አለሁ» አለና መኪናውን ከቅድሙ አብልጦ ያንጣጣው ጀመር። ጋሼ መሪ ክርክሩን ያሸነፉ መስሏቸው ሣጥኑን ዘጉ። ፍረድ የተባልኩት እኔ ደግሞ ዓይኔን ከሱሪዬ ላይ አልነቀልኩም። የማላውቀውን ሰው በማላውቀው ጉዳይ የምቃወምበት ወኔ አልነበረኝም።

ልብስ ሰፊው የወገቤን ልክ ወስዶ ሲያበቃ ሜትሩን ለጋሼ መሪ አሳያቸው። እሳቸውም አይተው አዘኑልኝና ለቅዳሜ እንድመጣ አዘዙኝ። ነርሷም የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ አብራ እንደምትመጣ ተናገረች። ለእግር ጉዞው ፍቅር እንዳልሆነ ገብቶኛል። አጎቷ ያንን ሣጥን ይዘው ሰው ሲመሩ ማሰቡ እንቅልፍ ነስቷት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በልብስ ሰፊው በር ላይ ተሰባሰብን። ከእኛ ሌላ ሁለት አናጺ ወንድማማቾች ነበሩ፤ ትከሻቸው በር የሚያህል፣ ወሬ የማያበዙ ሰዎች። ነርሷ የሁላችንንም እግር እየዞረች አየች። እኔን ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማና ረጅም ሱሪ በማድረጌ አመሰገነችኝ። በትር ይዤ ሣሩን ፊት ፊቱን እንድነካካ፣ እጄን የማላየው ጉድጓድ ውስጥ እንዳልከት፣ የወደቀ ግንድ ሲያጋጥመኝም መጀመሪያ ግንዱ ላይ ቆሜ ማዶውን ሳላይ እግሬን እንዳላሳርፍ ነገረችኝ። አጎቷ ያረጀ አጭር ጫማቸውን ነበር ያደረጉት። ጫማዎን ቢቀይሩ ስትላቸው ሳቁባት። ይህን ተራራ እናትሽ ሳታገባ ጀምሮ ነው የማውቀው አሏት።

መንገዱ መልካም ነበር። ላቤ እየወረደ፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠም ቢሆን ደስ ብሎኛል። ጋሼ መሪ ከፊት ሆነው ለእኔ ስለ ድንጋያቸው ያስረዱኛል። ስለ ድንጋዩ ሲያወሩ ደግሞ ፊታቸውን ወደ ኋላ ካላዞሩ ወሬው አይጥማቸውም። እንዲህ ወደ እኔ ዞረው እየተናገሩ የወደቀ ግንድ ተሻገሩና እግራቸውን ማዶ አሳረፉ።

ቆሙ። አልጮኹም። «ነደፈኝ» አሉ ዝግ ብለው፣ ሰዓት ስንት ነው ተብለው የመለሱ ይመስል።

ቡናማ ነገር ከቅጠሉ ሥር ሲሾልክ አየሁ።  አናጺዎቹ ወዲያው በትራቸውን አንስተው ወደ ቁጥቋጦው ሮጡ፤ ሕጉን የተማሩት ከራሳቸው ከጋሼ መሪ ነውና።

«ተመለሱ» አለች ነርሷ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ግን ሁለቱም ቆሙ። «አንድ የተነደፈ ይበቃናል። እሱ ሄዷል፣ ይሂድ።»

አጎቷን ደግፈን ከግንዱ ራቅ አድርገን አስቀመጥናቸው። ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከቁርጭምጭሚታቸው ትንሽ ከፍ ብለው ይታያሉ። እሷ ጫማቸውንና ካልሲያቸውን ቀስ ብላ አወለቀች። እግሩ ሲያብጥ ጫማው ራሱ እንደ ገመድ ያንቀዋል አለችን። ቀና ስትል ግን እሳቸው ሣጥኑን ከፍተው ገመዱን በእጃቸው ይዘዋል። 

«እሰሪኝ» አሏት። «ከጉልበቴ በታች ጥፍር አድርገሽ እሰሪኝ። ምላጩንም ስጭኝ፣ እኔ ራሴ እበጣዋለሁ።»

«አይሆንም፣ ጋሼ።»

«ልጄ፣ የመከራከሪያ ሰዓት አይደለም።»

«አይደለም። ለዚያም ነው የምለምንዎ። መርዙን በፍጥነት የሚያሠራጨው መንቀሳቀስና መደናገጥ ነው። ዝም ብለው ይቀመጡ፣ እግርዎን አያንቀሳቅሱ፣ የቀረውን ለእኛ ይተዉት። ሆስፒታላችን ውስጥ መድኃኒቱ አለ። እዚያ እስክንደርስ ድረስ የሚያስፈልገን የእግርዎ ጸጥታ ብቻ ነው።»

«አስተማርኩሽ እንጂ ልትገድይኝ አላሳደግኩሽም» አሉ። ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ የተጸጸቱ መሰለኝ፤ ግን አልመለሱትም። ገመዱን እግራቸው ላይ ጠመጠሙና በጥርሳቸው ሊያጠብቁት ጎነበሱ። «ልብስ ሰፊውን ያዳነው ይህ ገመድ ነው። እኔንም ያድነኛል።»

ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞላ። ጉልበት ተጠቅማ ልትቀማቸው አትችልም፤ ቢታገሉ መርዙ ይሮጣል። ቢያስሩት ደግሞ እግሩ ሊሞት ነው። እኔ ከጎን ቆሜ ያንን ሰዓት ያህል አቅም ያጣሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ያን ጊዜ ልብስ ሰፊው መጣና ፊታቸው ተንበረከከ። ሦስት ጣት ያለውን እጁን ገመዱ ላይ አኖረ።

«ጋሼ፣ ገመዱን ይስጡኝ።»

«አንተም?»

«እኔም። እስከ ዛሬ ያልነገርኩዎ ነገር አለ። ያን ጊዜ ሐኪሙ ጣቶቼን ከመቁረጡ በፊት አስረድቶኛል። መርዙ በመድኃኒት ተሽሮልኛል። ጣቶቼን የገደላቸው ደም ማጣት ነው። ገመዱ ነው፣ ጋሼ።»

 ጋሼ መሪ እጁን አዩ፤ ከዚያ ፊቱን አዩ። ይህ ሰው ለዓመታት በየደንበኛው ፊት እንደ ማስረጃ ሲጠሩት ቀና ሳይል የኖረው ለምን እንደሆነ አሁን የገባቸው ይመስለኛል። እኔም ገባኝ፤ አንጀቴንም በላኝ። አንድ ቃል ተናግሮ ሊያሳፍራቸው ሲችል የእሳቸውን ክብር ከሁለት ጣቱ አብልጦ ይዞ ነበር።

ገመዱ ላላ። ጋሼ መሪ ለልብስ ሰፊው አቀበሉትና ወደ ኋላ ተደግፈው ተቀመጡ። «እንግዲህ እንደፈለግሽ አድርጊ፣ ልጄ» አሉ። «እኔ ተመሪ ነኝ።»

ከዚህ በኋላ ሁሉም ሥራ አገኘ። ነርሷ በትሬን ከእግራቸው ጎን አድርጋ፣ በሻርፕዋ ከላይና ከታች ላላ አድርጋ አሰረችው። ጣቷን በሻርፑ ሥር አሾልካ እንዳልጠበቀ አሳየችን። እንዲህ የሚታሰረው እግሩ እንዳይንቀሳቀስ እንጂ ደሙ እንዳይሄድ አይደለም። ከዚያ ብዕር ጠየቀችኝ። በኪሴ ያለው የማረሚያ ቀይ ብዕሬ ብቻ ነበር። እብጠቱ የደረሰበትን ጠርዝ በቀይ አሰመረችና ሰዓቱን ቆዳው ላይ ጻፈች። ወዲያው ስልክ ደውላ ለሆስፒታሉ ምን እየመጣ እንደሆነ አስታወቀች፤ አንድ ባለመኪናም ከመንገዱ መግቢያ እንዲጠብቀን አደረገች። ጋሼ መሪ በኪሳቸው የያዟትን ትንሽ መጠጥ ለድፍረት ቢጠይቁ ጠርሙሷን ተቀብላ ለእኔ ሰጠችኝ። ለሕመሙም ክኒን ከለከለቻቸው። አንዳንዱ ማስታገሻ ደም ያቀጥናል አለች።

ልብስ ሰፊው ኮቶቻችንን ሰበሰበ። እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ ገልብጦ ቁልፎቹን ቆላለፈ፤ አናጺዎቹ የቆረጧቸውን ሁለት ጠንካራ አግዳሚዎች በእጅጌዎቹ ውስጥ አሳለፈ። ቃሬዛ ሆነ። ጋሼ መሪ በእግሬ እወርዳለሁ ብለው ሊነሡ ሲሞክሩ የእህታቸው ልጅ ዓይን ብቻ በቃቸው። ተኙ፤ አራታችን ተሸከምናቸው። እሷ ከጎን እየሄደች እግሩን ታያለች፣ ትንፋሻቸውን ታዳምጣለች፣ የልጅነቷን ወሬ እያነሳች ታጫውታቸዋለች። ለካስ ማጫወቱም ሕክምና ኖሯል፤ ቁልቁለቱን ጨርሰን መኪናው ስንደርስ ፊታቸው ቢገረጣም ልባቸው ረግቶ ነበር።

በሆስፒታሉ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው እግሩ ታስሯል ወይ፣ ተበጥቷል ወይ የሚል ነበር። አልታሰረም፣ አልተበጣም ስትለው ትከሻው ሲላላ አየሁ። እባቡን ይዛችሁ መጣችሁ ወይ ብሎ አልጠየቀም። የቀዩን መስመር ጠርዝ ከአሁኑ እብጠት ጋር አስተያይቶ መርዙ በምን ፍጥነት እየሄደ እንደሆነ ገመተ፤ ደም አስመረመረ፤ ከዚያ መድኃኒቱ በደም ሥራቸው እንዲገባ አዘዘ።

በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተኮልኩለን ጠበቅን። እብጠቱ ወደ ጉልበታቸው ሲጠጋ ነርሷ ገብታ እያየችና አዲስ መስመር እያሰመረች ትወጣለች፤ በወጣች ቁጥር ፊቷን እናነባለን። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ አንዴ ወጥታ፣ «ቆሟል። ከመጨረሻው መስመር አላለፈም። ጫማዬ የት ሄደ እያሉ ነው» አለችን። ይህን ብላ ከጎናችን ተቀመጠችና ምርር ብላ አለቀሰች። ያን ሁሉ ሰዓት እንደ ድንጋይ ጠንክራ የቆየችው ልጅ በልብስ ሰፊው ትከሻ ላይ ተደግፋ ስታለቅስ እኛም ዓይናችንን ጠረግን። የእፎይታ እንባ ነውና ማንም አላፈረበትም። ከአናጺዎቹ አንዱ፣ ቀኑን ሙሉ ቃል ያልተነፈሰው፣ «እሰይ» አለ። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን።

ጋሼ መሪ ዳኑ። እግራቸው ለጥቂት ጊዜ ቢያነክስም ሙሉ ነው። እንደገና ጉዞ የወጣን ቅዳሜ ብዙ አዲስ ሰዎች መጥተው ነበር፤ ወሬው ከተማውን አዳርሶታልና። ጋሼ መሪ አዲስ ባለረጅም አንገት ጫማ አድርገው፣ ከተራራው ሥር ሁላችንንም አቁመው ተናገሩ። ሰው ቢነደፍ መጀመሪያ ከእባቡ አርቁት አሉ፤ ማንም እባብ አያሳድድ። ጫማውን፣ ሰዓቱን፣ ቀለበቱን ከማበጡ በፊት አውልቁለት። እግሩን ወይም እጁን እንዳይንቀሳቀስ ደግፉለት፣ አታስሩት፣ አትብጡት፣ አትምጠጡት። አረጋጉት። ተሸክማችሁ በቶሎ መድኃኒት ካለበት አድርሱት፤ ስልክም አስቀድሙ። ይህን ያደረጉልኝ ቀን ጥቅሙን ራሴ ላይ አየሁት፤ በሁለት እግሬ ቆሜ የምነግራችሁ ስላልታሰርኩ ነው አሉ።

 ከዚያ ልብስ ሰፊውን ወደ መካከል ጠሩት።

«የዚህን ሰው እጅ እዩ» አሉ። «እስከ ዛሬ እኔ አዳንኩት ስል ኖሬያለሁ። እነዚህን ሁለት ጣቶች የወሰድኩት እኔ ነኝ። እባቡ አይደለም። በሰው ሁሉ ፊት ይቅር በለኝ።»

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ልብስ ሰፊው ግን ፈገግ ብሎ ክንዳቸውን ያዘ።

«ጋሼ ታሪኩን ከመሐል ነው የሚቆርጡት» አለ ወደ አዲሶቹ ዞሮ። «ያን ቀን ሌላ ሰው አልነበረም፤ ስልክም አልነበረም። ካሰሩኝ በኋላ ጀርባቸው ላይ አዝለው፣ ይህን ቁልቁለት አንድ ጊዜ እንኳን ሳያሳርፉ እስከ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ዘግይቼ ቢሆን መድኃኒቱም ባልደረሰልኝ። ጣቶቼን የወሰደው ገመዱ ነው። ነፍሴን ያተረፈው የእሳቸው ጀርባ ነው። እናንተም ገመዱን ጣሉት፤ መሸከሙን ግን እንዳትተዉ።»

 ጋሼ መሪን የእህታቸው ልጅ በአንድ በኩል፣ ልብስ ሰፊው በሌላ በኩል ያዟቸውና ሽቅብ መውጣት ጀመርን።